«የሕዝቡ ጆሮ ተለውጧል» ለምትሉን፦ ጆሮውን የለወጠው ማን ነው?

በከተማችን አንድ አባባል እንደ ሕግ ተይዟል። የሆቴል ሥራ አስኪያጁ ይለዋል፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጁ ይለዋል፣ በስብሰባ ላይ ከፊት የተቀመጠው ኃላፊም ይለዋል፦ «ክላሲካል ሙዚቃ ጥሩ ነገር ነበር፤ ግን ምን ይደረግ፣ የሕዝቡ ጆሮ ተለውጧል።»

አባባሉ ጨዋ ይመስላል። ማንንም በስም አይወቅስም፤ በጀት አይጠይቅም፤ ኃላፊነት አይጭንም። ጥፋቱን ሁሉ ሕዝብ ላይ ይጥለዋል። ሕዝብ ደግሞ ተሰብስቦ «አይ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ መልስ አይሰጥም። ለዚህ ነው አባባሉ ዓመታት የኖረው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ እኔ ልመልስላቸው። የሕዝብ ጆሮ እንደ ክረምትና በጋ በራሱ ጊዜ አይፈራረቅም። መጀመሪያ የሚለወጠው የሙዚቀኛው እንጀራ ነው፤ ጆሮ ተከትሎት ይሄዳል። ይህን ለማየት ከሙዚቀኛው ውሎ እንነሳ።

ክላሲካል ሙዚቀኛ ሲባል ጥቁር ሱፍ ለብሶ በብርሃን በተሞላ መድረክ ላይ የሚጎነበስ ሰው ይታየናል። እውነተኛው ውሎ ሌላ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት ቼሎ የተማረ አንድ ወጣት እናስብ። ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት፤ እንደ እሱ ያለ ሰው ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ጠዋት በተከራያት የኮንዶሚኒየም ክፍል ልምምድ ይጀምራል። ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ድምፁን አፍኖ ይቀጥላል፤ ይኸውም ሯጭን ጫማ አስወልቆ ሳሎን ውስጥ ሩጥ እንደ ማለት ነው። ረፋዱ ላይ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለሕፃናት በኪቦርድ የልደት መዝሙር ያስተምራል። ከሰዓት ቤት ለቤት ለሚያስተምራቸው ልጆች ከቦሌ ሲኤምሲ ይጓዛል። ሚኒባስ ላይ ቼሎውን ይዞ ሲወጣ ረዳቱ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ይለዋል፤ ይከፍላል። ማታ ሆቴል አዳራሽ ጥግ ይቀመጣል። የሚሰማው አስተያየት አንድ ነው፦ «ትንሽ ቀነስ አድርገው፣ እንግዶች እያወሩ ነው።» ቅዳሜ ሰርግ አለ። ሙሽሮቹ እስኪገቡ ሦስት ደቂቃ ይጫወታል፤ ከዚያ ዲጄው ይረከባል። ቀብዱን ተቀብሏል፤ ቀሪውን «ሰኞ ደውልልኝ» ተብሏል። ሰኞ ስልኩ አይነሳም።

በዚህ መሐል የቼሎው አንድ ክር ይበጠሳል። ክሩ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ። የሆቴሉ ክፍያ ግን በዚያ ፍጥነት አልጨመረም። ስለዚህ ክሩን ሰው ከውጭ እስኪያመጣለት በሦስት ክር የሚሆነውን ያደርጋል፤ ወይም ኪቦርድ ያነሳል።

አሁን ልጠይቅ፦ ይህ ሰው በቀን አራት ሰዓት የሚለማመድበት ጊዜ የቱ ጋ ነው? ቼሎም ሆነ ቫዮሊን እንደ አትሌቲክስ ነው። ጣት ካረፈ ይደነዝዛል። ለአንድ ሯጭ ካምፕ፣ አሠልጣኝና ምግብ እንደሚያስፈልገው ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም «በትርፍ ሰዓትህ ሮጠህ ሜዳሊያ አምጣ» አይለውም። ሙዚቀኛውን ግን እንዲህ እንለዋለን። ከዚያ በዓመት አንድ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ቅኝቱ ሲዛነፍ «አየህ፣ እኛ ክላሲካል አይሆንልንም» ብለን እንወጣለን።

የሙዚቀኛው የራሱ ጣዕምስ አይለወጥም? ይለወጣል፤ መለወጥም አለበት። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቱን የሚረግጡት በጆሯቸው መዝሙርና ትዝታ ይዘው ነው። እዚያ ከባህና ከሞዛርት ጋር ይተዋወቃሉ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በተማሩት ጥበብ ወደ ባቲና አምባሰል ይመለሳሉ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ ነበር፤ በያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተማሩ፤ ቡልጋሪያ ሶፊያ ድረስ ሄደው ተመረቁ፤ ከዚያ የአገራቸውን ዜማ ለፒያኖ ጻፉ። ይህ የጣዕም ለውጥ በልፋትና በጊዜ የመጣ ነው። ከላይ ያነሳነው ወጣት ግን ቼሎውን አስቀምጦ ኪቦርድ ላይ ተዘጋጅቶ የተጫነ ምት ሲከፍት፣ ጣዕሙ ተለውጦ አይደለም። የቤት ኪራይ ደርሶበት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትናንት የነበረው «ያልተለወጠ ጆሮ» ከየት መጣ? ሰማይ አላወረደውም።

በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ያሉበትን የናስ ባንድ ሰሙ፤ ልጆቹን ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። ደሞዝ ተቆረጠላቸው፤ ቤት ተሰጣቸው። ኬቮርክ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለዓመታት የኢትዮጵያውያንን ባንዶች አሠለጠነ፤ ዜማዎቻችንን በኖታ አቀናበረ። በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ሲከፈት የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ክቡር ዘበኛ ባንድ ነበረው፤ ፖሊስ ባንድ ነበረው፤ ጦር ሠራዊት ባንድ ነበረው።

ጥላሁን ገሠሠ ከየት ወጣ? ማሕሙድ አሕመድ ከየት ወጣ? ከክቡር ዘበኛ ነው። ከኋላቸው የቆሙት ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ነፊዎች ኖታ ማንበብ የተማሩ፣ በየቀኑ የሚለማመዱ፣ በወር መጨረሻ ደሞዝ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንናፍቀው ድምፅ የተገነባው በክላሲካል ሥልጠናና በወር ደሞዝ ነው። «ክላሲካል ለፈረንጅ፣ ዘፈን ለሕዝብ» የሚለው ክፍፍል እዚህ ላይ ይፈርሳል። የሕዝቡ ዘፈን ያደገው በኖታ ጠረጴዛ ሥር ነው።

ያ ዘመን ገነት ነበር አልልም። ሙዚቀኛው ወታደር ነበር፤ በትእዛዝ ይጫወት ነበር፤ ባንዱን ልልቀቅ ቢል የሚጠብቀው ቅጣት ነበር። እንዲመለስ የምመኘው ወታደር ቤቱን አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ለሙዚቀኛው ሲከፍል ሕዝቡ ሰምቷል።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ቤቶች ተዳከሙ፤ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ካሴት ነገሠ። ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አሳታሚው ቆጠረ፦ ስምንት ሰው ከመክፈል አንድ ሰው መክፈል ይረክሳል። ሳክስፎኑም፣ ቫዮሊኑም፣ ከበሮውም አንድ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ልጆቻችን ያደጉት ያንን ሣጥን እየሰሙ ነው። ማንም «ከቫዮሊን ኪቦርድ ይሻላችኋል ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ወጪ ተቀነሰ፤ ቀጥሎ ጆሮ ተለመደ፤ በመጨረሻ «የሕዝቡ ምርጫ ነው» ተባለ። ፈረሱን ከጋሪው ኋላ አስሮ ሲያበቃ «ፈረሱ አልጎትት አለ» ብሎ እንደሚከስ ባለጋሪ ማለት ነው።

«ይሁን፣ ግን የዛሬ ወጣት ዝግ ያለ ሙዚቃ አይታገሥም» የሚል አለ። ለዚህ መልሱ በገና ነው።

በገና አሥር አውታር ያለው፣ የሚንሾካሾክ፣ ለብቻ የሚደረደር መሣሪያ ነው። ከዚህ በላይ «የማይሸጥ» ሙዚቃ ማሰብ ይከብዳል። በደርግ ዘመን ከሬዲዮ ተገፍቶ ነበር። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ጥቂት ደርዳሪዎች በጉያቸው ይዘው አቆዩት። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ወጣት በገና ታቅፎ ሲሄድ ታያላችሁ? በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው ወንዱም ሴቱም ይማራል። በዐቢይ ጾም ታክሲ ውስጥ ሳይቀር በገና ትሰማላችሁ። ጆሮው «ተለውጦ» ከነበረ ማን መለሰው? አስተማሪ ስለተገኘ ነው። ቦታ ስለተሰጠው ነው። የሚሰማበት ወቅት ስለተጠበቀለት ነው። እነዚህ ሦስቱ ለቫዮሊን፣ ለክላርኔትና ለመሰንቆ ይሰጡና ከዚያ ስለ ሕዝብ ጆሮ እንከራከር።

ሁለተኛው መልስ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ካይሮ ሄደው ተማሩ፤ መነኮሱ፤ ግሸን ማርያም ዓመታት ኖሩ። የኋላ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር አሳለፉ። ሥራቸውን ከአገር ውጭ ብዙው ሰው ያወቀው በ2006 በፈረንሳይ በታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ነው። የኖታ መጽሐፋቸው በ2013 ታተመ፤ የታተመው እዚያው ኢየሩሳሌም ነው፤ እሳቸው 90 ዓመት ሲሞላቸው። በ2021 የወጣው «ፓሲንግ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃቸውን ተጠቅሟል። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ማኅበራዊ ሚዲያው በፎቷቸው ተሞላ። ዛሬ ካፌው፣ ዶክመንተሪው፣ የቲክቶክ ቪዲዮው ሁሉ የእሳቸውን ፒያኖ ከሥር ያስቀምጣል። «ሕዝቡ የማይሰማው» ሙዚቃ ይህ ነው እንግዲህ! ሕዝቡ ሰምቶታል፤ ወዶታል። የጎደለው ያንን ኖታ እዚህ አገር ተቀምጦ በየሳምንቱ የሚጫወት፣ ለጫወተበትም የሚከፈለው ፒያኒስት ነው።

የመጨረሻውን ክርክር አልሸሽም፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። «አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት ስትታመስ የቼሎ ክር ታወራለህ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መብቱ ነው። ግን ሀገር ፍቅር ማኅበር መቼ ተመሠረተ? በ1935፣ የጣልያን ወረራ ደጃፍ ላይ ነው። የተመሠረተውም ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለማንቃት ነው። በአገራችን ጭንቅ ሲመጣ መጀመሪያ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ሙዚቀኛ ነው። ማርሽ ሲያስፈልግ በሌሊት ይደወልለታል። የበዓል ሰልፍ ሲኖር በአንድ ሳምንት አዲስ መዝሙር ይታዘዛል። ሰልፉ ሲበተን ያው ሙዚቀኛ ስለ ደሞዝ ሲያነሳ «ጆሮው ተለውጧል» ይባላል። በችግር ቀን አስፈላጊ የሆነ ሰው በደህና ቀን ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. አዳራሽ ሲሠራ የሚጫወትበት ሰው በጀትም አብሮ ይያዝ። በከተማችን ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ መልካም። የሚጫወትበት ቋሚ ደሞዝተኛ የሌለው አዳራሽ ግን የስብሰባ ክፍል ነው።

2. በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ጣቢያዎች በሳምንት አንድ ሰዓት እዚሁ አገር በአካል የተጫወተ ሙዚቃ ያሰሙ። ክፍያውም በውል ይሁን። አንድ ሰዓት ብቻ! ከአንድ ዓመት በኋላ ስለ ጆሮ እንነጋገር።

3. የቫዮሊን ክር፣ የክላርኔት ምላስ፣ የፒያኖ መለዋወጫ የሙያ መሣሪያ ነው። አናጺ መጋዝ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ሙዚቀኛው እነዚህ ያስፈልጉታል። የጉምሩክ ታሪፍና የውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ ሲወሰን በዚህ ዓይን ይታይ።

4. እኛም አለንበት። ሰርግህ ላይ ሙዚቀኛ ስትጠራ ቀሪ ሂሳቡን እዚያው ማታ ክፈል። «ነፃ ተጫወትልን፣ ለአንተም ታዋቂነት ይሆንሃል» አትበል። ሥጋ ቤቱን እንዲህ አትለውም።

ለመንግሥትም ለባለሀብቱም እጅግ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ካልተደረገ የሚሆነው ግን ግልጽ ነው። ያ ቼሎ የተማረ ልጅ ወይ ቪዛ ያገኛል፣ ወይ መሣሪያውን ሸጦ ሌላ ሥራ ይገባል። እሱ ሲሄድ የሚያስተምራቸው ሰባት ስምንት ልጆች አብረው ይቆማሉ። ከአሥር ዓመት በኋላም አንድ ኃላፊ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ሕዝቡ ጆሮ ይነግረናል።

ያን ቀን አንገታችንን አንነቅንቅ። አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀው፦ «ክቡርነትዎ፣ ባለፈው ዓመት በጀትዎ ለስንት ሙዚቀኛ ደሞዝ ከፈሉ?»

ቸር እንሰንብት። በመስኩ ያላችሁ ካላችሁ ውሏችሁንና ክፍያችሁን በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ስማችሁን መጥቀስ ግዴታ አይደለም።