ኢሬቻ በአዋጅ ይጽና፤ የፓርቲ ስጦታ ግን አይሁን

የኦሮሞ ሕዝብ የምስጋና በዓል የሆነው ኢሬቻ በአገሪቱ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው። ጉዳዩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢቀርብ ያልፋል ብለንም እናምናለን። የሚያሳስበን በምን መልክ እንደሚያልፍና በማን ስም እንደሚያልፍ ነው።

አስቀድመን ስሌቱን እንይ። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች አሉት፤ 178ቱ የኦሮሚያ ናቸው። ሲሶ ያህል ስለሆነ ብቻውን ሕግ አያወጣም። ይሁንና ምልዓተ ጉባኤው እስከተሟላ ድረስ አንድ አዋጅ የሚያስፈልገው በስብሰባው የተገኙት አባላት አብላጫ ድምፅ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ውድድር ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን ወስዷል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ገዢው ፓርቲ የሚፈልገው አዋጅ ድምፅ አጥቶ አይወድቅም። ስለዚህ የጎደለው ድምፅ ሳይሆን ረቂቁን አዘጋጅቶ የማቅረብ ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ ለምን እንደጎደለ ግምታችንን እንናገር። ኢሬቻ ሕግ ሳይኖረው አሁን ባለበት አኳኋን ለሥልጣን ምቹ ሆኗል። በየዓመቱ ባለሥልጣናት የባህል ልብስ ለብሰው ይታደማሉ፣ መልእክት ያስተላልፋሉ፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ያስተላልፋል። በየዓመቱ የሚፈቀድ ነገር በየዓመቱ ምስጋና ያስገኛል። በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀ በዓል ግን መብት ስለሆነ የማንም ውለታ አይኖርበትም። ምክር ቤቱ ኢሬቻን የሚያሞግስ የውሳኔ ሐሳብ አውጥቶ ጉዳዩን እንዳይዘጋው የምንፈራውም ለዚህ ነው። የውሳኔ ሐሳብ ይነበባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ይገባል። መሥሪያ ቤት የሚያዘጋው፣ የሠራተኛውን የበዓል ክፍያ የሚያስከብረው አዋጅ ብቻ ነው።

የበዓላት ዝርዝራችን የራሱ ታሪክ አለው፤ ከዚህ ታሪክ መማር ያስፈልጋል። በንጉሡ ዘመን ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል፣ ሐምሌ 16 የልደት በዓል ነበር። ደርግ ሁለቱንም ሽሮ መስከረም 2ን የአብዮት በዓል አደረገ። ኢሕአዴግ በተራው መስከረም 2ን ሽሮ ግንቦት 20ን አስገባ፤ ግንቦት 20ም ከኢሕአዴግ ብዙ አልቆየም። ገዢዎች ለራሳቸው ያወጡት በዓል አብሯቸው ይሄዳል። ከሕዝብ ሕይወት የወጡት እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀትና አረፋ ግን መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ በቦታቸው አሉ። ኢሬቻ ከማን ወገን ነው? መልሱን ሕዝቡ በየዓመቱ ቢሾፍቱ ባለው የሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር በእግሩ ሄዶ ይሰጣል። አዋጁ ይህንን መልስ እንዳያበላሽ ነው የምንሰጋው።

ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆነ የራሳችን ምሳሌ አለን፤ የሚገባውን ያህል ግን አይነሳም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሕዝብ የሙስሊሞችን የእኩልነት ጥያቄ አንግቦ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ለመንግሥት ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች አንዱ የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው ይከበሩ የሚል ነበር። በዘመኑ ጥያቄውን የአገር አንድነት የሚነካ አድርገው የቆጠሩት አልጠፉም። በማግሥቱ ዓመት ግን ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 16 በዝርዝሩ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዛሬ አረፋ ሥራ ስለተዘጋበት አገር ተጎዳ የሚል ሰው የለም። ለኢሬቻ የሚነሡት ስጋቶች በአብዛኛው ያኔ ለሙስሊሞች በዓላት የተነሡት ናቸው፤ ያኔ እንዳልደረሱ ሁሉ አሁንም አይደርሱም።

የምዕራብ ሸዋ ሰው ለኢሬቻ ጉዳይ ያለው ቅርበት ከሌላው ይለያል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ጊንጪ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ተማሪዎቿ አደባባይ የወጡባት ከተማ ናት። ያስነሣቸው የጭሊሞ ደን መመንጠርና የኳስ ሜዳቸው ለባለሀብት መሰጠት ነበር። ዛፍና ሜዳ ብለው ጀመሩ፤ ተቃውሞው አምቦን ጨምሮ በመላው ኦሮሚያ ተዛመተና ጥር ላይ ተቃዋሚዎቹ ያወገዙት የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን መሰረዙ ተነገረ። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ያው ትውልድ ለኢሬቻ ምስጋና ቢሾፍቱ ተሰበሰበ። ወጣቶች ለተቃውሞ እጃቸውን አጣምረው ከፍ አደረጉ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ሲሸሽ ገደል ውስጥ ወደቀ፣ ተረጋገጠ። መንግሥት ያመነው 55 ሰው መሞቱን ነው፤ ተቃዋሚዎች የሟቹ ቁጥር ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሁለት ወር ሳይሞላ በኅዳር፣ አዲስ አበባ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ ኢሬቻ የሚመራበትን የገዳን ሥርዓት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። ዓለም ያከበረውን ሥርዓት ባለቤቶቹ በሐዘን ድንኳን ሆነው ሰሙ።

በቢሾፍቱው ሞት ላይ ገለልተኛ ምርመራ እንዲካሄድ በተደጋጋሚ ተጠይቋል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችም በ2017 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ጠይቋል። ስለዚያ ቀን ዝም የሚል የበዓል አዋጅ ጎዶሎ ነው። በመግቢያው ሟቾቹን በክብር ያንሣ። የፖለቲካ ትርፍ ላይ ያነጣጠረ ረቂቅ ይህን ክፍል ለመዝለል እንደሚፈተን እናውቃለን፤ የምክር ቤቱ አባላት እንዳይቀበሉት እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ኢኮኖሚ ነው፤ በዓል በዛ፣ ሥራ ተፈታ ይባላል። ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ የሚከበረው እሑድ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የሚከበረው የሆረ ፊንፊኔ ኢሬቻ ደግሞ በዋዜማው ቅዳሜ ይውላል። እሑድ ድሮም የዕረፍት ቀን ስለሆነ አዋጁ ከአገሪቱ የሥራ ቀን የሚወስደው የለም ማለት ይቻላል። ለውጡ የሚታየው በዚያ ዕለት ለሚሠራው ሰው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት ዕረፍት ቀን የሠራ ሰው ለትርፍ ሰዓቱ ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል፤ በሕዝብ በዓል ቀን ግን ሁለት እጥፍ ተኩል። በቢሾፍቱ ሆቴል ለምታስተናግድ ልጅ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሃይማኖት ወገን ይመጣል፤ ይህን በአክብሮት እንሰማዋለን። በምዕራብ ሸዋ ብዙ ኦርቶዶክስ፣ ብዙ ወንጌላዊ አማኝ አለ። ኢሬቻ ከዋቄፈና እምነት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሕሊናቸው የማይፈቅድላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ እነሱም ኦሮሞ ናቸው። ነገር ግን በዝርዝሩ ካሉት በዓላት ስምንቱ የክርስትናና የእስልምና ናቸው። ጥምቀት ሥራ ስለተዘጋበት ሙስሊሙ ታቦት እንዲያጅብ አልተገደደም። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ለስምንቱ ካላስቸገረ ለዘጠነኛው ሊያስቸግር አይችልም። በሆራው ዳር የሚታየውንም በቅርብ ማየት ይጠቅማል። አንዲት እናት እርጥብ ሳርና የመስከረሙን ቢጫ አበባ በእጇ ይዛ ወደ ውኃው ጫፍ ትወርዳለች፤ ሳሩን ነክራ በራሷ ላይ፣ ከዚያም ባዘለችው ልጅ ላይ ታርከፈክፋለች፤ ክረምቱ በሰላም ስላለፈ ታመሰግናለች። አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረች እናትም ይህንኑ ስታደርግ እናያለን።

ሦስተኛው ለኢሬቻ ከተፈቀደ ለሌላውስ የሚል ነው። ለሌላውም ይፈቀድ እንላለን፤ ግን በመስፈርት። የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በሲዳማ ክልል በዓሉ ሲደርስ ሥራ ይዘጋል። በፌዴራሉ ዝርዝር ግን የለም። የቅርስ መዝገቡን ብንገልጥ መስቀል በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ ገዳ በ2009፣ ጥምቀት በ2012 ሰፍረዋል። መስቀልና ጥምቀት በመላ አገሪቱ ሥራ ያዘጋሉ፤ የሲዳማውና የኦሮሞው አያዘጉም። ብሔር ብሔረሰቦች እኩል ናቸው በሚል ሕገ መንግሥት በሚተዳደር አገር ይህ ልዩነት ምክንያት ሊቀርብለት አይችልም። እያንዳንዱ ክልል አንድ አንድ በዓል ይምረጥ የሚለውን የኮታ አካሄድ ግን አንደግፍም፤ ምክር ቤቱ የበዓሉን ዕድሜ፣ የታዳሚውን ስፋትና ከክልሉ ውጭ ያለውን ተደራሽነት መዝኖ ይወስን። በዚህ ሚዛን ኢሬቻ ያለ ጥርጥር ያልፋል።

አራተኛውና ጮክ ተብሎ የማይነገረው የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው። የሆረ ፊንፊኔ ኢሬቻ በ2012 ሲመለስ ከተማዋ የማን ናት የሚለውን ክርክር ይዞ መጣ፤ በመድረኩ የተሰሙ አንዳንድ ንግግሮችም ቁስል አባብሰዋል። ምስጋና የድል ንግግር መድረክ ሲሆን ባለቤቱ ሕዝብ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ አዋጁ ቀኑን እንጂ ቦታን እንዳይጠቅስ እንመክራለን። ለአገር የሚሰጠው የዕረፍት ቀን ነው፤ ሕዝቡ የት ውኃ ዳር እንደሚሰበሰብ የሚወስኑት አባ ገዳዎች ናቸው።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። ኢሬቻ እንደ መስቀል በተወሰነ ቀን አይውልም፤ ከመስቀል በኋላ ባለ እሑድ ነው፣ የትኛው እሑድ እንደሆነ የሚያስታውቁት አባ ገዳዎች ናቸው። የሕግ ረቂቅ አዘጋጆች ይህን እንደ ችግር ሊያነሡት ይችላሉ። ኒውዚላንድ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት ፈትታዋለች። የማኦሪ ሕዝብ አዲስ ዓመት የሆነው ማታሪኪ በከዋክብትና በጨረቃ የሚቆጠር ነው። ፓርላማዋ በ2022 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በዓሉን በሕግ ሲያጸና የማኦሪ ሊቃውንት ያሰሉትን ቀኖች እስከ 2052 ድረስ በሕጉ አስቀመጠ። በአሜሪካ ግን የነባር ሕዝቦች ቀን በፕሬዚዳንት መግለጫ ታወቀ እንጂ ኮንግረሱ የፌዴራል በዓል አላደረገውም። መግለጫውን ያወጣው ሲቀየር ቀኑም አብሮ ይናወጣል። የሲዳማ አያንቶዎችም ፍቼን በከዋክብት ስለሚቆጥሩ የኒውዚላንዱ መንገድ ለሁለቱም ይሆናል፤ አባ ገዳዎችና አያንቶዎች የብዙ ዓመት ቀኖችን አስልተው ይስጡ፣ ሕጉ ያጽናቸው።

የገዳ ልጆች ሕግ ማውጣት የሚያውቁ ናቸው። ማኮ ቢሊ ለመጫ ኦሮሞ ሕግ የደነገገበት ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው፤ ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት የሚጠራበት ጨፌ የሚለው ስምም ከዚያው ሥርዓት የተወሰደ ነው። በኦዳው ሥር ሕግ የሚወጣው ሕዝብ ከተመካከረበት በኋላ ነው። ረቂቁም በአንድ ስብሰባ ቀርቦ በአንድ ስብሰባ እንዳይጸድቅ አጥብቀን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ለቋሚ ኮሚቴ ይመራ፤ ኮሚቴው የሕዝብ ውይይቱን በአዲስ አበባ አዳራሽ ብቻ አያድርግ። ቢሾፍቱ ይሂድ፣ ሐዋሳ ይሂድ፣ አምቦና ጊንጪ ይምጣ። አባ ገዳዎችንና የሲንቄ እናቶች የሆኑትን ሃደ ሲንቄዎችን ይስማ፤ ካህኑን፣ ፓስተሩንና ሼኩንም ይስማ።

ኮሚቴው ጊንጪ ሲመጣ ከበዓሉ በላይ የሆነ ነገር እንደሚሰማ አስቀድመን እንናገራለን። በምዕራብ ሸዋ በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል ያለው ውጊያ ገበሬውን ዓመታት አሰቃይቶታል። ለሆራው ሊሄድ የተነሣ ሰው በመንገዱ ላይ የሚያስበው ደኅንነቱን ነው። ኮሚቴው ይህን ከጉዳዩ ውጭ ነው ብሎ እንዳያቋርጥ። የጭሊሞንም ነገር ይጠይቁታል፤ እርጥብ ሳር ይዞ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሕዝብ ደኑና ምንጩ በሕግ እንዲጠበቁለት መጠየቁ ተገቢ ነው። በአዋጁ ውስጥ ሆራዎች፣ ምንጮችና የኦዳ ዛፎች ያሉባቸው የማክበሪያ ቦታዎች ለግንባታም ለሽያጭም እንዳይተላለፉ የሚከለክል አንድ አንቀጽ ይግባ። የማክበሪያ ሥርዓቱን የመምራት ሥልጣንም ለአባ ገዳዎች ብቻ ይሰጥ፤ ማንኛውም ፓርቲ፣ ገዢም ይሁን ተቃዋሚ፣ በዕለቱ አርማውን ይዞ መድረክ እንዳይወጣ በግልጽ ይከልከል።