ስለ አይሮፕላን መቀመጫ አደራደርና ስለ መንገደኞች ልክ



በአገራችን ልማድ መቀመጫ ቀላል ነገር አይደለም። በግብር አዳራሽም፥ በሸንጎም፥ በሠርግ ቤትም ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይታሰባል። ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ ሽማግሌውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ግን ሰው ከማናቸውም አዳራሽ ይልቅ ረዥም ሰዓት ሳይነሣ የሚቀመጥበት ሌላ አዳራሽ መጥቷል፤ ይኸውም ከአገር ወደ አገር የሚበረው ታላቁ አይሮፕላን ነው።

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ እናቶች ልጃቸውን ለማረስ፥ አባቶችም የልጅ ልጃቸውን ለማየት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ። ልጆቻቸው ስለ ቪዛውና ስለ ቲኬቱ ዋጋ እጅግ ያስባሉ፤ እናታቸው የምትቀመጥበት ወንበር በየትኛው ተራ እንደ ሆነ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ውሉን ሳያነብ የሚፈርም ሰው በችሎት ፊት ምን እንደሚያገኘው እናውቃለን፤ መቀመጫውን ሳያውቅ የሚሳፈርም ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ አይሮፕላን ስንት ሰው እንደሚይዝ፥ ልኩንም የሚወስነው ምን እንደ ሆነ፥ ለቤተ ሰባችንም የትኛው መቀመጫ እንደሚሻል በዛሬው ጽሑፋችን እንገልጻለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውንም በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ የነበሩት አይሮፕላኖች ዳግላስ ሲ 47 የሚባሉት፥ ለጦር ሠራዊት ዕቃና ወታደር ማመላለሻ የተሠሩት ነበሩ። መቀመጫቸውም እንደ ዛሬው ፊቱን ወደ ፊት የመለሰ ወንበር ሳይሆን፥ በቤታችን ግድግዳ ሥር እንዳለው መደብ በግራና በቀኝ የተዘረጋና የሚታጠፍ ነበረ። ዕቃው ከመካከል ይጫናል፤ መንገደኞቹም ዕቃውን በመካከል አድርገው ፊት ለፊት እየተያዩ ይጓዙ ነበር። ለመንገደኛ ብቻ የተሰናዳው የዚሁ ዐይነት አይሮፕላን እንኳ የሚይዘው 21 ሰው ያህል ነበረ።

ከዚያ በኋላ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት መጣ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ አስቀድሞ ቦይንግ 787 የተባለውን ድሪምላይነር፥ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ እንዲሁ ከሁሉ ቀድሞ ኤርባስ ኤ350-1000 የተባለውን ተረከበ። የመጀመሪያው ድሪምላይነር 270 መንገደኛ ይይዛል፤ ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ ክላውድ ናይን በተባለው በከፍተኛው ማዕርግ፥ 246ቱ በተራው ማዕርግ ይቀመጣሉ። ኤ350-1000 ግን 395 ሰው ይይዛል፤ 46ቱ በከፍተኛው፥ 349ኙ በተራው ማዕርግ ነው። ከግድግዳው መደብ ተነሥቶ እዚህ መድረስ በአንድ ሰው ዕድሜ የተፈጸመ ነገር ነው።

እንግዲህ ይህን ልክ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የአይሮፕላኑ ሆድ ስፋት ነው። የድሪምላይነር ውስጡ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል። በዚህ ስፋት ላይ መጀመሪያ በአንድ ተራ 8 ወንበር፥ ይኸውም 2፥ 4 እና 2 ሆኖ እንዲደረደር ታስቦ ነበረ፤ የጃፓን አየር መንገድም በዚሁ አደራደር ሠርቶበታል። የሚበዙት ኩባንያዎች ግን 9 ወንበር፥ 3 በግራ፥ 3 በመካከል፥ 3 በቀኝ አድርገው ደረደሩ፤ የእኛም እንዲሁ ነው። በ27 ተራ ላይ አንድ አንድ ወንበር ቢጨመር 27 መንገደኛ ይጨመራልና፥ ወጪው ለብዙ ሰው ተካፍሎ የቲኬቱ ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ወንበር ስፋት ወደ 43 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የጎረቤትም ክንድ ከክንድ ይገናኛል። በኤርባስ ኤ350 ላይ እነዚሁ 9 ወንበሮች ጥቂት ሰፋ ይላሉ፥ ሆዱ ከድሪምላይነር ይሰፋልና። ቦይንግ 777 ከሁለቱም ቢሰፋም፥ ዛሬ ብዙዎች 10 ወንበር፥ 3፥ 4 እና 3 አድርገው ስለሚደረድሩበት፥ ለተቀመጠው ሰው ያው ጠባብ ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ ትልቅ መሆኑ ብቻውን ወንበሩ ይሰፋል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። የጣና ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ሰውንና እንጨቱን እንዳገኘ አይጭንም፤ ወፍራሙን ከመካከል፥ ቀላሉን ከጫፍ አድርጎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ የከበደ እንደ ሆነም ጭነቱን ይቀንሳል። አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። በተለይ በትናንሾቹ ላይ፥ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት ሆነው በሚደረደሩት የአገር ውስጥ አይሮፕላኖች፥ አስተናጋጇ አንዳንድ ጊዜ መንገደኛውን ከፊት አንሥታ ወደ ኋላ ታስቀምጣለች፤ ይህም ለሚዛን እንጂ ሰውን ለማዋረድ አይደለም።

ከዚህም በቀር አገራችን ደጋ ናት። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል፥ የባሕር ዳሩም 1,820 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉ የሚደገፍበት፥ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ወንበሩን ሁሉ በሰው፥ ሆዱን ሁሉ በዕቃ፥ ጋኑንም ሁሉ በነዳጅ ሞልቶ ከቦሌ ሊነሣ አይችልም፤ ከሦስቱ አንዱ ይቀነሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት በደብሊን ወይም በሎሜ ቆሞ ነዳጅ ሲቀዳ፥ ከዋሺንግተን የሚመለሰው ግን ሳይቆም በቀጥታ ይመጣ የነበረው ስለዚህ ነው፤ የዋሺንግተን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላምና። «ለምን በመንገድ ቆምን?» እያለ የሚያጉረመርም መንገደኛ ምክንያቱ የአገሩ ከፍታ እንደ ሆነ ይወቅ።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ የመውጫው በር ነው። ማንኛውም ታላቅ አይሮፕላን መንገደኛ እንዲጭን ከመፈቀዱ በፊት፥ የበሮቹ እኩሌታ ተዘግተው፥ ያለው ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ከመንገደኛ አይሮፕላኖች ሁሉ የሚበልጠው ኤርባስ ኤ380 መጋቢት 17 ቀን 1998 ዓ.ም. በሐምቡርግ ሲፈተን፥ 873 ሰዎች በጨለማ በ78 ሴኮንድ ወጡ። ስለዚህም 853 መንገደኛና 20 ሠራተኛ እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ኩባንያዎቹ ግን የሚበዙት በ500 አካባቢ ይወስኑታል። እንዲሁም ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ እንዲኖር ሕጉ ያዛል፤ አስተናጋጅ ማለት ምግብ አቅራቢ ብቻ ሳይሆን በር ከፋች ነውና።

ይህ ነገር ለባሕር ዳር ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ፤ አይሮፕላኑም ለመመለስ ሲጥር ከሜዳ ላይ ወድቆ ተቃጠለ። ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፥ 69ኙ ተረፉ። ነፍስ ይማር። እንዲህ ያለው ክፉ ቀን እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የገባ ሰው ሁሉ ከወንበሩ እስከሚቀርበው በር ድረስ ስንት ተራ እንዳለ፥ ከፊቱም ከኋላውም፥ አንድ ጊዜ ይቍጠር። ጭስ በሞላ ጊዜ ዐይን አያይም፥ እጅ ግን የወንበሩን ጀርባ እየዳሰሰ ይቈጥራል።

ከልክ በላይ የተጫነበትም ጊዜ ነበረ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል፥ የሚበዙት ከጎንደርና ከጣና ሰሜን አገሮች የመጡ፥ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ያን ጊዜ አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ሄደ፤ ይህም በአንድ አይሮፕላን ከተጫነው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ በዓለም መዝገብ ተጽፏል። ይህ የሆነው መቀመጫዎች ስለ ተነቀሉ፥ ሰዎቹም ጓዝ ስላልያዙና ብዙዎቹ ሕፃናት ስለ ነበሩ ነው። ነፍስ ለማዳን በችኮላ የተደረገ ነው እንጂ ለዘወትር መንገድ ሥርዐት የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ እንመለስ። ለእናትህ ወይም ለአባትህ መቀመጫ ስትመርጥ የሚከተለውን አስብ።

በ9 ወንበር ተራ ላይ 2 በመስኮት፥ 4 በመተላለፊያ፥ 3 ደግሞ በሰውና በሰው መካከል ናቸው። በመስኮት የተቀመጠ ሰው ለመውጣት ሁለት ሰው ማስነሣት አለበት፤ ጨዋ እናት ደግሞ ሰው ላለማስቸገር ብላ እስከ መጨረሻው ሳትነሣ ትቀራለች። ይህም አደገኛ ነው። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግርን ያሳብጣል፥ በእግርም ሥር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ የሚጓዝ ሰው ይህ በሽታ የሚያገኘው በእጥፍ ያህል ነው፤ ቢሆንም ከ6,000 ሰው አንዱን ያህል ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ለአረጋዊ የሚሻለው የመተላለፊያው ወንበር ነው። እሱ ከታጣ፥ ከመካከለኛው ረድፍ የመካከሉ ይሻላል፤ ከግራም ከቀኝም አንድ ሰው ብቻ በማስነሣት መውጣት ይቻላልና።

ሕፃን ላቀፈች እናት በክፍሉ መጀመሪያ፥ ከግድግዳው ፊት ለፊት ያለው ወንበር መልካም ነው፤ የሕፃን አልጋ የሚሰቀለው በዚያ ነውና፥ ቲኬቱ ሲገዛ አስቀድማ ትጠይቅ። ነውጥ የሚያስፈራው ሰው በክንፉ አጠገብ ይቀመጥ፤ መናወጡ በዚያ ያንሳል። በመውጫው በር አጠገብ ያለው ወንበር እግር ቢያስዘረጋም ለአረጋዊ፥ ለነፍሰ ጡር፥ ለሕፃንም አይፈቀድም፤ በዚያ የሚቀመጠው በሩን ለመክፈት የሚችል መሆን አለበትና። መራመድ ለሚያደክመው ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድሞ ይታዘዝለት፤ ይህ ነውር አይደለም።

የወንበሩ ቁጥርና ፊደል በወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፍላቸው። ቁጥሩ ተራውን፥ የላቲኑ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ወንበሩን ያመለክታል፤ አይ የተባለው ፊደል ከ1 ቁጥር ጋር እንዳይምታታ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህ ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት በመስኮቱ ፊት የሚለመን ሳይሆን፥ ቲኬቱ በተገዛበት ቀን የሚፈጸም ይሁን፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

በመጨረሻም ስለ ጨዋነት አንድ ነገር እንጨምር። በአይሮፕላን ውስጥ ማዕርግ የሚታወቀው በሹመት ሳይሆን በተከፈለው ዋጋ ነው፤ ባላባቱና ገበሬው ጐን ለጐን ሊቀመጡ ይችላሉ። ወጣት ሆይ፥ አረጋዊት እናት ከአንተ ወዲያ በጠባቡ መካከል ተጨንቃ ብታያት፥ የአባቶችህን «ኖር» አትርሳ፤ ነገር ግን ወንበር የምትለዋወጠው አስተናጋጇን አስፈቅደህ ይሁን። የወንበርህን ጀርባ ከማስተኛትህ በፊት ዘወር ብለህ ተመልከት፤ ከኋላህ ምግብ የያዘ ሰው ይኖራልና። በመስኮት ያለው ጎረቤትህ ለመነሣት ሲያፍር ያየኸው እንደ ሆነ፥ አንተ ቀድመህ ተነሥተህ መንገድ ስጠው።

ኩባንያው የወንበሩን ስፋት በሳንቲ ሜትር ይለካል፥ መሐንዲሱ ክብደቱን በኪሎ፥ ሕጉም የመውጫውን ጊዜ በሴኮንድ ይወስናል። የቀረው ልክ በእኛ እጅ ነው፤ 43 ሳንቲ ሜትር የሚጠብበውም የሚበቃውም እንደ ጎረቤቱ ጠባይ ነውና።