ስጦታውም መርዙም ከአንድ ቃል

«ጊፍት» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። የስጦታ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ታፔላ ላይ ተጽፋ እናያታለን። ጀርመን አገር ግን ይህችው ቃል በዚያው ፊደል ጠርሙስ ላይ ከተጻፈች ትርጉሟ «መርዝ» ነው። ስዊድኖች ደግሞ «ይፍት» ወደሚል አስጠግተው ያነቧትና፣ ከመርዝ ሌላ «ባለትዳር» ይሉባታል።

ይኼ እንዲሁ የአጋጣሚ መመሳሰል አይደለም። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ስዊድንኛ የአንድ ቋንቋ ዘሮች ናቸው፤ ቃሏም የወጣችው «መስጠት» ከሚለው ግሥ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለሙሽራ የሚሰጥ ጥሎሽ ማለት ነበረች፤ የዛሬውን «ስጦታ» እንግሊዞች ያገኙት ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ነው። ስዊድኖችን ወደ ትዳር የወሰዳቸው ልጅን መዳር ነው። እኛስ «ልጁን ለእገሌ ሰጠ» እንል የለ? በጀርመንኛም ሙሽራዋ ከቤተሰቧ ይዛው የምትመጣው ሀብት «ሚትጊፍት» ይባላል።

መርዙ የመጣው በሐኪሞች በኩል ነው። ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን «ዶሲስ» ማለትም «መስጠት» አሉት፤ እኛም «ዶዝ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ጀርመኖች ሐሳቡን በራሳቸው ቃል «ጊፍት» አሉት። ቀስ በቀስ መርዝን በስሙ ላለመጥራት መሸፈኛ ሆነና የቀድሞው ትርጉም ተረሳ።

«የቃል እውነተኛ ትርጉሙ ሥሩ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በሥሩ ብንሄድማ የጀርመኑን ጠርሙስ ስጦታ ነው ብለን ልንጠጣው ነው እኮ! ሥሩ የሚነግረን ቃሉ ከየት እንደ ተነሣ ነው፤ ዛሬ የት እንደ ደረሰ የሚያውቁት ተናጋሪዎቹ ናቸው።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የአይጥ መርዝን «የአይጥ መድኃኒት» እንላለን። ታዲያ «ሕፃኑ መድኃኒት ጠጥቶ ሆስፒታል ገባ» ብለን ዜና ብንጽፍ አንባቢው ምን ይረዳል? የሳል ሽሮፕ ነው ወይስ የአይጥ መርዝ? ወላጅስ የትኛውን ከልጁ ያርቅ? ነገ ማይክ የምንይዝ ሰዎች የሰማነውን ቃል እንዳለ ከማስተላለፋችን በፊት «የምን መድኃኒት?» ብለን መጠየቅ አለብን። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ ልጅ ልታድን ግን ትችላለች።