ጣውላ ወይስ ፕላስቲክ?



በጋይንትም ሆነ በእስቴ ቤት የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ «ወለሉን ጣውላ እናልብሰው ወይስ የእንጨት መልክ ያለውን ፕላስቲክ?» እያሉ ይጨነቃሉ። ሻጩ ስለ መልኩ ያወራል፤ የሙስሊም ቤት ግን አስቀድሞ ስለ ውሃ መጠየቅ አለበት። በየሰላቱ ውዱእ አለ፤ እግር እንደረጠበ ይገባል። ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ባሕር ዛፉም በደንብ ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሕፃን ሽንት ከገባ ማጥራቱ አድካሚ ነው።

በመዲናው መስጂድ አንድ የገጠር ሰው በሸና ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየውን እንዳይነኩት ከልክለው ውሃ እንዲደፋበት ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያ ወለል አፈር ነበርና ውሃውን መጠጠው። ፕላስቲክ አይመጥም፤ ስለዚህ ሽንቱን መጀመሪያ በጨርቅ ማንሳት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፍስሶ ማድረቅ ነው። እንዲያውም ከጣውላው ይቀላል።

የጋይንትን ብርድ ለሚያውቅ ግን የጣውላ ሙቀት አይናቅም። አቅም ካለ ለአዛውንት ወላጆች መኝታ ጣውላ፣ ልጆች ለሚውሉበትና ውዱእ ለሚደረግበት ፕላስቲክ ብንል ጥሩ ነው። ወደ ስማዳ ቆላ ሲወረድ ምስጡ ጣውላውን ስለማይምረው አልመክርም። ለሳሎን ጌጥ ብሎ የእርሻ በሬ መሸጥማ ኢስራፍ ነው፤ በሊሾ ላይ አጎዛ አንጥፎ የሰገደ ሰው ሰላቱ አይጎድልበትም።

ፕላስቲኩን የመረጣችሁ፣ በእርጥብ መሬት ወይም በእበት ልቅልቅ ላይ አትዘርጉት። እርጥበቱ ከሥር ታፍኖ ይሸታል፤ ሙጫውም ይለቃል። ሲሚንቶው በደንብ ይድረቅ።