ድራም ለሚማረው ልጅ ቦታ አለን?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጥቢያችን ድራም የሚጫወተው ወንድም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በሚቀጥለው እሁድ ማን ይተካው ስንባባል አንድ የ16 ዓመት ልጅ “እኔ እሞክራለሁ” አለ። ስቲክ ከያዘ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። እኛም “ጌታ ይረዳሃል” ብለን አስቀመጥነው። የመጀመሪያው መዝሙር በደህና አለፈ። ሁለተኛው ግን ችክችካ ነበር። ልጁ ቸኮለ፤ መዘምራኑ ተከትለውት ሮጡ፤ ጉባኤው ማጨብጨብ አቃተው። መዝሙሩ ሳያልቅ ከመካከላችን አንዱ ወጥቶ “ተው፣ ውረድ” አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ለብዙ ሳምንታትም አላየነውም።

ያን ጊዜ ጥፋቱ የልጁ መስሎን ነበር። ዛሬ ግን የእኛ እንደ ነበር እናምናለን። ሳናስተምረው አስቀመጥነው፤ ሳናስተምረው አወረድነው።

በመካከላችን “ዋናው ቅባቱ ነው፤ ልምምድ ሥጋዊ ነው” የሚል አሳብ አለ። ቃሉ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ በጸናጽል፣ በበገናና በመሰንቆ እንዲያገለግሉ የተለዩት ዝማሬን የተማሩ 288 ሰዎች ነበሩ፤ በ24 ክፍል፣ በእያንዳንዱም 12 ሆነው ተመደቡ። ለተራቸው ዕጣ ሲጣጣሉ አስተማሪና ተማሪ እኩል ተቆጠሩ (ቁ. 8)። ልብ እንበል፤ በእግዚአብሔር ቤት ተማሪ ነበረ፤ ስፍራም ነበረው።

ለመሆኑ ጀማሪ ምን ይማራል? ከሩቅ ሲታይ ድራም ጉልበት ይመስላል። የመጀመሪያው ትምህርት ግን መቁጠር ነው። በአራት ምት ቀኝ እጅ ሃይ-ሃቱን ሳያቋርጥ ይመታል፤ ቀኝ እግር በአንድና በሦስት ትልቁን ከበሮ፣ ግራ እጅ በሁለትና በአራት ስኔሩን ይመታል። ሲነገር ቀላል ነው፤ እጅና እግር አንታዘዝም ሲሉ ግን ያስለቅሳል። መፍትሔው ማዘግየት ነው። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ፣ ድራም ከሌለ በትራስ ላይ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መለማመድ። ለችክችካ ደግሞ እስከ ስድስት እየቆጠሩ አንድና አራት ላይ በእግር መርገጥ። ይህ ሳይጸና ማሳመሪያ መጨመር መዝሙሩን ያፈርሰዋል። ድራም የሚመታ ሰው ሌሎቹን ይሸከማል፤ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ጉባኤው ስለ እርሱ ሳያስብ ጌታን ያመልካል። ለወጣት ልብ ይህ ትልቅ የትሕትና ትምህርት ቤት ነው።

አንዳንድ አባቶችና እናቶች “ድራም ጩኸት ነው” ይላሉ። ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ አንሥታ እንዳመሰገነች እናስታውሳቸዋለን (ዘጸ. 15፥20)። ነገር ግን ቅሬታቸው እውነት አለው፤ ቀስ ብሎ መምታት ያልተማረ ልጅ ገና አልተማረም።

ስለዚህ ለአብያተ ክርስቲያናት ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የበሰለው ድራመር ተተኪ ሳያስተምር አገልግሎቱን ፈጽሜአለሁ አይበል። ሁለተኛ፣ ጀማሪው ከእሁድ በፊት በወጣቶች ጸሎትና በሳምንቱ ቀናት ፕሮግራም ይለማመድ። ሦስተኛ፣ እርማት በጓዳ ይሁን እንጂ በመድረክ አይሁን።

እኛ ዘግይተን ወደዚያ ልጅ ቤት ሄድን፤ ይቅርታም ጠየቅነው። እናቱ ቡና አፈሉልን፤ እርሱ ግን ወዲያው እሺ አላለንም። ከወር በኋላ ረቡዕ ማታ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ዛሬ ያገለግላል፤ አሁንም አንዳንዴ ይቸኩላል። አጠገቡ የሚቆም ሰው ግን አለው።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወዳጆችም፣ በቤታችን የሳተ ምት ብትሰሙ አትደነቁ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ሳለ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ቁርስ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው (ዮሐ. 21)። እኛ ሁላችን በዚህ ጌታ ቤት ተማሪዎች ነን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።