ደብተር ያልያዘ ነጋዴ በሰው ግምት ያድራል



ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 የግብር ወሬ ይጀመራል። ያን ጊዜ ሁላችንም «ዘንድሮስ ስንት ይጥሉብን ይሆን?» እያልን እንተክዛለን። እኔ ግን ጥያቄው «ዓመቱን ሙሉ ስንት ሸጥኩ?» መሆን አለበት ባይ ነኝ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲካሄድ ብዙ ነጋዴ እንዳጉረመረመ፣ እንደ አምቦ ባሉ ከተሞችም ሱቅ እስከ መዝጋት እንደተደረሰ ታስታውሳላችሁ። እኔም ያኔ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ግምቱ በዛብኝ ብዬ አቤት ልል ሄድኩ። «ማስረጃህ የታለ?» ተባልኩ። ኪሴን ብዳብስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለችም። ታዲያ ምን ይባላል? ዝም ብዬ ተመለስኩ።

የኛ ሰፈር ገበያ ደግሞ እንደምታውቁት አንድ ዓይነት አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል፣ እንደዚሁም ለፍቼ ጨምበላላ እንግዳው ሲጎርፍ ሻይ ቤቱም ሱቁም ይሞላል። በማግስቱ ዝንብ እሽ ስንል እንውላለን። እስቲ እናስላው። አንዲት ባለ ሻይ ቤት በገብርኤል ዕለት 7,000 ብር፣ በወትሮው ቀን 1,800 ብር ትሸጣለች እንበል። በዚያች በደመቀች ቀን ተገምታ በ300 ቀን ቢባዛ 2,100,000 ብር ይመጣል። በወትሮው ቀን ቢሰላ ግን 540,000 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ የ«ሀ» እና የ«ለ» ደረጃን የሚለየው በ2 ሚሊዮን ብር ነው። እንግዲህ አንድ ደብተር ሰውን በየትኛው ወገን እንደሚያሰልፍ አስተውሉ።

አንዳንዱ «ከጻፍኩማ ራሴን አጋለጥኩ» ይላል። ስሕተት ነው። እኛ ያልጻፍነውን ሌላ ሰው በግምት ይጽፍልናል። የሚገባንን መክፈል ግዴታችን፣ የማይገባንን አለመክፈል ደግሞ መብታችን ነው። መብቱ ግን ያለ ወረቀት አይሠራም።

ስለዚህ ማታ ሱቅ ሳይዘጋ የተሸጠውንና የወጣውን በአንድ መስመር እንጻፍ። የዕቃ መግዣ ደረሰኝ፣ የኪራይና የመብራት ወረቀት በአንድ ፌስታል ይቀመጥ። የዕቁቡና የቤት አስቤዛው ገንዘብ ከሱቁ መሳቢያ ይለይ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ በቂ ነው። መጻፍ የማይችል ልጁ ያግዘው።

የግብር ውሳኔ ሲደርሳችሁ የደረሰበትን ቀን እዚያው ላይ ጻፉ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለቅሬታ የተሰጠው 21 ቀን ነው፤ ነገ ነገ ሲባል ያልቃል።

ሐምሌን በሐምሌ አንጀምረው። ደብተሩ ዛሬ ማታ ይከፈት እላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ