የመፈተሻው ዘይት ራሱ ይፈተሽ

የማኅበር ትራክተር ማረሻ ማንሳት ሲያቅተው የሃይድሮሊክ ፓምፑ ተፈትቶ ወደ ጋራዥ ይወሰዳል፤ ተጠግኖም በመፈተሻ መሣሪያ ላይ ይሞከራል። በዚህ ጊዜ የማኅበር መሪዎች ሊጠይቁት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የመፈተሻው ዘይት ንጽሕና ነው። እየተፈራረቀ የሚሞከረው ያረጀ ፓምፕ ሁሉ የብረት ብናኙን እዚያው ዘይት ውስጥ ይተዋል፤ ዘይቱ ካልተጣራ አዲስ የተጠገነውን መልሶ ይፍቀዋል። የእርሻ ወቅት ደግሞ ሁለተኛ ጥገና አይጠብቅም።

ዘይቱን በዓይን አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት አይበቃም። ዓይን ከ40 ማይክሮን ያነሰውን ብናኝ አይለይም፤ ፓምፑን የሚበላው ግን ከዚያ በጣም የደቀቀው ነው። አይኤስኦ 4406 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን የሚበልጡትን ብናኞች አስቆጥሮ ደረጃ ይሰጣል። ከበርሜል የወጣ አዲስ ዘይት እንኳ ሳይጣራ መግባት የለበትም።

ጋራዡ ዘይቱን መቼ እንዳስመረመረ፣ ማጣሪያውንም መቼ እንደለወጠ የሚያሳይ መዝገብ ያቅርብ። መዝገብ ከሌለ ክፍያው ይቆይ።